ለየብቻ

ካ ማው፣ ከወንዙ ጫፍ፣ ምድር ጭቃ ሆና፣
ጀልባ ቆማለች እንደ አህያ ተጭና።
ሴቶች ነጭ ለብሰው፣ በረዶ ፊት ቆመው፣
ሽሪምፕ ይልጣሉ ሌሊቱን አድክመው።
ሥጋው በካርቶን ነው፣ ይሻገራል አገር፤
ቅርፊቱ ለጉድጓድ፣ ለዝንብ፣ ለነገር።

ወይዘሮ ኛን አለች፤ «ዕረፍት» ነው ትርጉሟ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልደረሰች ከስሟ።
ሎሚ ቢሹበትም፣ ሳሙና ቢመታ፣
ከጣቷ አይለቅም የባሕሩ ሽታ።

ልጇ ሱዎንግ አንድ ቀን ጆንያ ተሸክማ
የካን ቶ አውቶቡስ ገባች፣ ሰው ሁሉ እያማ።
ረዳቱ አፍንጫውን በክርኑ ከልሎ
«ምን ይሆን?» ቢላት፣ «ትምህርቴ ነው፤ ጫን ቶሎ!»

እኔ የምድጃው ሰው ነኝ፤ ሥራዬ መጠበቅ፣
ቁጥር ማየት፣ አየር እንዳይገባ መጠንቀቅ።
ስለዚህ ሁሉን አየሁ፦
ቅርፊቱ በአሲድ ሲንጫጫ፣ ኖራው ሲለቅ፣
ነጭ ላባ መስሎ ተርፎ ሲደርቅ፣
በኮምጣጤ ሟሙቶ እንደ ንፍጥ ሲጎተት፣
የብረቱ ጨው ጠብ ሲል፣ ሲነክረው በብጫነት።
ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ዘጠኝ መቶ ዲግሪ፤
እሳት ያለ ነበልባል፣ ንዴት ያለ ጩኸት።
ጠዋት ስከፍተው ከሰል፣
እፍ ቢሉት የሚጠፋ።

ሱዎንግ ግን ከሰል አልነበረም የፈለገችው።
አንዲት የብረት አቶም፣ አንድ ቦታ፣ ብቻዋን፣
አራት የናይትሮጂን እጆች ይዘዋት እንድትቆም።
እጆቹ ከቅርፊቱ ናቸው፤ ሽሪምፑ ራሱ ነው ያዋጣቸው።
ፕላቲነም በወርቅ ሚዛን የሚሠራውን ሥራ
ዝገት ይሥራው ብላ ነው።

ከሃኖይ፣ ከትልቁ ማይክሮስኮፕ፣ ፎቶ መጣ።
ጉብታ።
ብረቱ በሙቀቱ ተጠራርቶ፣ ተቃቅፎ፣
እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አንድ ጥግ ታጭቆ፣
ላይ ያለው ይሠራል፤ ውስጥ ያለው ተኝቷል።
«ድር ቢያብር» ይላል ተረቱ፤ ተረቱ አቶም አላየም።
እዚህ የሚሠራው የሎሚው ነው፦
ሃምሳው ለአንዱ ሸክም፣ ለሃምሳው ጌጥ።

ሦስት ጊዜ ደገመች። ሦስት ጊዜ ጉብታ።

እናቷ በስልክ ናት፣ ከፈረቃ ወጥታ።
ብረት አልገባትም፤ መጨናነቅ ግን ታውቃለች፦
«ኩሬ ውስጥ ሲበዛ ትልቁ ትንሹን ይበላል፤
ጠዋት ስትቆጥሪ ጥቂት ወፍራም ይቀራል።
ቀንሺ። አራርቂ።
መደበቂያ ስጪው፣ ለየብቻ።»
ሱዎንግ ስልኩን ሳትዘጋ
ጨዉን ወደ ዐሥረኛው አወረደችው።

አራተኛው ፎቶ ጨለማ ነበር።
ጨለማው ላይ ነጥብ፤ ወዲያ ደግሞ ሌላ ነጥብ፤
ጨረቃ በሌለበት ሌሊት
ከባሕር ዳር ሲያዩት እንደ አጥማጆች መብራት፣
አንዱ ካንዱ ርቆ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ።
አልጮኸችም። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፣
ጣቶቿን አሸተተች።

ሠላሳ ሰዓት ሠራ። ከዚያ ደከመ።
ለምን እንደሆነ ገና አልገባንም፤
ፕላቲነም ከዙፋኑ አልወረደም።

ፎቶውን ለእናቷ አሳየቻት፤ ኛን መነጽሯን አጥልቃ
ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ነካች።
«የኔ የትኛው ነው?»
ሱዎንግ ዝም።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ጆንያ ደረሰ፣
ቅርፊቱ ታጥቦ፣ ጭንቅላቱና ጅራቱ ተለይቶ።
ረዳቱ አልተሳደበም።
ቋጠሮውን ሳየው የማን እንደሆነ አወቅሁ፤
በጥርስ ካልሆነ አይፈታም።